የአራት አገር ዕቃና የአንጁሎ ክንድ

ሰኞ፣ ሰኔ 15 ቀን 1956 ዓ.ም.

ዛሬም እምቢ አለ። ማብሪያውን ስጫነው «ጉምም» ይላል፤ ከዚያ ፊውዙ ተቃጥሎ ጸጥ። ሞተሩን የሚጠብቀው ጋሽ በቀለ ከጄኔሬተሩ ቤት ሆኖ «ምን ሆነ?» እያለ ይጮኻል። እኔስ ባውቅ ምን አስጨነቀኝ!

ንዴቴ እንዲበርድ ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው። በሶዶው የሚስዮን ክሊኒካችን ያለው ሰው ሁሉ «ራጅ መጣ፣ ራጅ መጣ» ይላል። ራጅ የሚባል አንድ ዕቃ ግን አልመጣም። የመጡት የማይተዋወቁ ባዕዳን ናቸው፦

የመስታወቱ ቱቦና የብረት ማቆሚያው ከጀርመን።

በዘይት የተሞላው ከባዱ ትራንስፎርመር ከኢጣሊያ።

መቆጣጠሪያው ሳጥን፣ ሰዓት ቆጣሪውን በሆዱ ይዞ፣ ከአሜሪካ።

ኃይል የሚሰጣቸው ጄኔሬተር ደግሞ የእንግሊዝ ነው። እሱ እንኳ ከእኛ ጋር ክረምት ከርሞ የቤት ልጅ ሆኗል።

የየአገሩ ምእመናን ያላቸውን ላኩልን፤ ተመካክረው ግን አልላኩም። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ማጋባቱ ለእኔ ቀረ። አዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የተማርኩት ሽቦ መዘርጋትና ሞተር መጠገን ነው፤ የአራት አገር ሽምግልና አላስተማሩኝም።

ጊዜ ቢኖር ቀስ ብዬ አስማማቸው ነበር። ጊዜ የለም። ቅዳሜ ትራንስፎርመሩን ከመኪና ስናወርድ ጎረቤቶች በዳጉዋ መጥተው ነበር፤ ለእርሻም ለቤት ሥራም የሚጠራሩበት ደቦ ማለት ነው። ገመዱ ተበጠሰ። የእንጨት ሳጥኑ ዞረና በአንጁሎ ቀኝ ክንድ ላይ ወደቀ። አንጁሎ ከክሊኒኩ አጥር ወዲያ የሚኖር ገበሬ ነው። ያን ቀን ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው እሱ ነበር።

ክንዱ ከክርኑ በታች ተሰብሯል፣ ቆስሏልም፤ ዱባ አክሏል። ዶክተሩ በዚያ በጀርመን አፉ በሚሰባብረው አማርኛ «አጥንት ስንት ቦታ ነው? ውስጥ ምን አለ? አላውቅም። ሳላይ ቢላ አላስገባም» አለኝ። ትኩሳቱ ካልወረደ ግን ከክርኑ በላይ ሊቆርጠው ነው። አዲስ አበባ እንዳንልከው መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል፤ አውሮፕላኑም በዚህ ጭቃ አያርፍም። ዶክተሩ እስከ ቅዳሜ እጠብቃለሁ ብሏል።

እንግዲህ የአንጁሎ ክንድ በእኔ እጅ ነው። ፈርቻለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16

አገኘሁት! እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት ሆኜ አገኘሁት።

ጠዋት ዶክተሩ የጀርመኑን መመሪያ እያነበበ ይተረጉምልኝ ነበር። «ቀይ ሽቦ ወደ መሬት ይገባል» አለ። «ምን?» አልኩት። ደገመልኝ። በእንግሊዙ ጄኔሬተር ቀይ ማለት እሳቱ ያለበት ሽቦ ነው! እኔ ደግሞ ቀይን ከቀይ ጋር አጋብቼ ሁለት ቀን ሙሉ ማቆሚያውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ፊውዙ ባይቃጠልልኝ የምቃጠለው እኔ ነበርኩ።

ለማስታወስ፦

እሳት ያለበት፦ ለእንግሊዝ ቀይ፣ ለአሜሪካ ጥቁር።

መሬት የሚገባው፦ ለጀርመን ቀይ፣ ለእንግሊዝና ለአሜሪካ አረንጓዴ።

የኢጣሊያው ሁሉም ጥቁር።

ጋሽ በቀለ በልጅነቱ በጣሊያን ጋራዥ ስለሠራ የትራንስፎርመሩን ጽሑፍ የሚያነብልኝ እሱ ነው። «ጣሊያን ሲሠራ ጎበዝ ነው፤ ሲያስረዳህ ግን ይሰለቸዋል» ብሎ ሳቀ። ሁለታችንም በየሽቦው ጫፍ ወረቀት አሰርን፦ «ሀ» ለእሳቱ፣ «ለ» ኤሌክትሪኩ ለሚመለስበት፣ «መ» ለመሬት። የየአገሩን ቀለም ረሳነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል የሚገዛው የእኛ ፊደል ነው። ደስ አለኝ፣ ኮራሁም።

ኩራቴ እስከ ምሳ እንኳ አልቆየም። ሁሉንም በትክክል አገናኝቼ ማቆሚያውን ስነካው ነዘረኝ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ የለውም። የክሊኒኩ ግቢ ድንጋይ የተሞላ ነው፤ የመሬቱን ዘንግ በየትኛውም በኩል ብመታው አይገባም። በሽተኛ በዚህ ብረት ላይ አላስተኛም። ጥልቅና እርጥብ አፈር ማግኘት አለብኝ።

ወደ ማታ አንጁሎን አየሁት። ይተኩሳል። ሚስቱ ዶርቃ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች፤ ከተኛ ጀምሮ ከአጠገቡ አልተለየችም። ስለ ራጁ ምንም አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 17

ከየት ልጀምር? ዛሬ ያየሁትን አባቴ ቢነግረኝ አላምነውም ነበር።

መጀመሪያ አፈሩ። ከአጥሩ ወዲያ የአንጁሎ ጓሮ እንሰት ነው፤ ስንት ዘመን ፋንድያ የጠጣ፣ ጥቁር፣ እጅ የሚውጥ አፈር። ጠዋት አንጁሎ አልጋ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁት። «ቆፍር፣ ለእኔ አይደል እንዴ?» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ። ዶርቃ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ከጋሽ በቀለ ጋር በሁለት እንሰት መካከል ቆፈርን። የመዳብ ሰሌዳ ቀበርን፣ ሽቦውን በአጥሩ ሥር አሳለፍን። የትምህርት ቤት መጽሐፌ እንደሚያዘውም ከሰልና ጨው ነስንሰን አፈሩን መለስንበት። ተመልሼ ማቆሚያውን ነካሁ። በአንድ ጣት፣ ከዚያ በመዳፌ፣ ከዚያ አቀፍኩት። ምንም! ጋሽ በቀለ «አግባው እንግዲህ» አለኝ።

ከዚያ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድን። ዶክተሩ ጨረር የሚከለክለውን ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ለበሰ፤ እኔ ከግንቡ ጀርባ ሆኜ መቆጣጠሪያውን ያዝኩ። በቱቦው ፊት ጨረሩ ሲያርፍበት የሚያበራ፣ በኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ አቁመናል። ጨለማ ነው። ማብሪያውን ጫንኩ።

ሰሌዳው አበራ። አረንጓዴ ነው። የሚንቦገቦግ እሳት አይደለም፣ ሙቀትም የለው፤ ከሰሌዳው ውስጥ ራሱ የሚወጣ የሚመስል ጸጥ ያለ ብርሃን። ዶክተሩ የቁልፍ ዘለላ የከተተበትን የእንጨት ሳጥን ከፊቱ ሲያሳልፍ ሳጥኑ ጠፋና ቁልፎቹ ብቻ በአየር ላይ ቆሙ። ጮኽኩ መሰለኝ።

ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚሠራ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተምሬዋለሁ። በመስታወቱ ውስጥ አየር እንኳ የለም። ከአንደኛው ጫፍ የጋለ ሽቦ ዓይን የማያያቸው ቅንጣቶች ይለቃል። ትራንስፎርመሩ በብዙ ሺህ ቮልት ይገፋቸዋል፤ ይሮጣሉ። ፍጥነታቸውን የማወዳድርበት ነገር የለኝም፤ ከዳሞታ ተራራ ጫፍ ሶዶ ገበያ እስክንወርድ ግማሽ ቀን የሚፈጅብን ሰዎች ምን እናወዳድር! ሮጠው ከብረት ሲላተሙ ያ ሥጋን አልፎ የሚሄድ ብርሃን ይወለዳል። ለፈተና ሸምድጄ ጥሩ ማርክ አግኝቼበት ነበር። ዛሬ ግን ገና አሁን የሰማሁት መሰለኝ። ይህ ሁሉ በእኛ ሶዶ፣ ጋሽ በቀለ ናፍጣ በጣሳ በሚቀዳለት ሞተር!

ዶክተሩ ቁልፎቹን አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ከዚያ «ጥሩ» አለ። እሱ «ጥሩ» ካለ ብዙ ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 18

ፊልሙ ጠቆረ።

በሰሌዳው ላይ ማየት ለአንጁሎ ክንድ አይበቃም፤ ዶክተሩ በእጁ ይዞ የሚመረምረው ፎቶግራፍ ይፈልጋል። ያለን ፊልም ደግሞ ጥቂት ነው። ለሙከራ ከሥጋ ቤት የበሬ ቅልጥም አመጣሁ። ሰዓት ቆጣሪውን አንድ ሴኮንድ ላይ አድርጌ አነሳሁ። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ የድስት ቂጥ መሰለ። ደገምኩ፣ ያው ነው። ዶክተሩ ፊልሞቹን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ወጣ። ከስድብ ይብሳል።

ምሳ ሳልበላ ሰዓት ቆጣሪውን ፈታሁ። ውስጡ ትንሽ ሞተር አለች። ሞተሯ የምትቆጥረው የኤሌክትሪኩን ምት ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ ስልሳ ጊዜ ይመታል፤ የእኛ እንግሊዝ ሃምሳ። ምስኪን! ስልሳ እስክትቆጥር ድረስ ሴኮንዱ አልፎ ሄዷል። አልዋሸችም፤ ባደገችበት አገር ምት ነው የምትቆጥረው። ጣሊያኑ ትራንስፎርመር ደግሞ የጀርመኑ ቱቦ ከጠየቀው አብልጦ ይሰጣል። አንዱ ያበዛል፣ አንዱ ያረዝማል፣ ፊልሙ ይጠቁራል። እያንዳንዱ በየአገሩ ልክ ነው። ስህተቱ የተፈጠረው አንድ ክፍል ሲገቡ ነው።

የሦስቱንም አገር ሠንጠረዥ ትቼ የራሳችንን ሠራሁ፤ ለጣት፣ ለክንድ፣ ለደረት፣ ምን ያህል ቮልት፣ ስንት ጊዜ። አንድ ችግር ቀረ፤ ማብሪያው ሲጫን ጄኔሬተሩ ይደክማል፣ ቮልቱ ይወርዳል። ስለዚህ ጋሽ በቀለ ከማንሳታችን በፊት የውሃውን ፓምፕና ፍሪጁን አጥፍቶ ቮልቱን ከፍ ማድረግ አለበት። ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ ግን ብንጣራ አይሰማም። በሩ ላይ ሰው አቁመን ነጭ ጨርቅ ከፍ እንዲያደርግለት ተስማማን።

ሦስተኛው ፊልም! ቅልጥሙ ብቅ አለ፣ ውስጡ ያለው መቅኔ የተኛበት ቦታ ሳይቀር። እያየሁት እንባዬ መጣ፤ ለበሬ ቅልጥም። ጋሽ በቀለ ሳቀብኝ።

አንጁሎ ዛሬ ይቃዣል። ነገ ጠዋት እናነሳዋለን።

ዓርብ፣ ሰኔ 19

አላነሳነውም።

አንጁሎን በአልጋ አምጥተን በር ላይ ካቆምነው በኋላ፣ ልማዴ ነው፣ መጀመሪያ የመሬቱን መስመር በአምፖል ፈተንኩ። አምፖሉ አልበራም፤ መስመሩ ከመሬት ተቋርጧል ማለት ነው። ሦስቴ ፈተንኩ። ዶክተሩ «ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ። «ማሽኑን አላበራም፣ ይገድለዋል» አልኩት። ድምፄ ከፍ አለ። በሽተኛውን መለሱት።

ሽቦውን ተከትዬ አጥሩን ዘለልኩ። ጉድጓዱ ተከፍቷል። ዶርቃ ከጉድጓዱ አፍ ቆማለች፤ አፈሩን በቅርጫት እያወጣች። የመዳቡ ሰሌዳ ከቤቷ ክዳን ሥር ተደግፏል፤ ሽቦውን ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ትናንት ማታ ከብቶቹን ልታይ ስትመጣ ነው ያገኘችው።

«ምን አደረግሽ!» ብዬ ጮኽኩባት። ከእኔ በላይ ጮኸች። በቋንቋችን ነበር፤ እንደማስታውሰው፣ «እናንተ ምን አደረጋችሁ? ባሌ ተኝቶ ይቃጠላል፣ እኔ ጓሮዬ ስገባ የተቀበረ ብረት አገኛለሁ። ጨውም ተዘርቶበታል! በሰው እንሰት ጨው የሚዘራ ምን የሚመኝ ሰው ነው?»

«አንጁሎን አስፈቅጄ ነው» አልኳት።

«አንጁሎ በሬውን ይስጥህ፣ ማሳውን ይስጥህ። ይህን እንሰት ፋንድያ ተሸክሜ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አንተ የማን ልጅ ነህ? እናትህ ጓሮ አልነበራትም?»

ወላይታ ነኝ፤ እንሰት የሴት እንደሆነ ሳላውቅ አላደግሁም። አባቴ እንኳ የእናቴን ጓሮ ሳይጠይቃት አይነካም ነበር። አራት አገር ስላስማማሁ ኮርቼ፣ አጥር የምትጋራኝን ሴት አንድ ቃል አልጠየቅኋትም። ጨው እንሰት እንደሚያደርቅም መጽሐፉ አልነገረኝም፤ እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ። አፈርኩ። ዝቅ ብዬ «አጥፍቻለሁ፣ ማሪኝ» አልኳት።

ወዲያው አልለዘበችም። ሰሌዳው ምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ቢወጣ በአንጁሎ ገላ ሳይሆን በዚህ በኩል እንዲወርድ ነው አልኳት። ሰሌዳውን በእጇ ዳሰሰችው።

«እሱን የሚጠብቅ ከሆነ ለምን ከእኔ ደበቃችሁት?» አለችኝ። አሁን ግን ጩኸት አልነበረም።

ጨው የነካውን አፈር በቅርጫት እያወጣች መንገድ ላይ ደፋችው። ከዚያ የእቃ እጣቢ የምትደፋበትን፣ ከእንሰቱ ራቅ ያለ ረግረግ አሳየችኝ። መቆፈሪያውን ከእጄ ቀምታ ራሷ ጀመረች። ዝናብ እየመታን፣ ያለ ጨው፣ ቀበርነው። አምፖሉ ቦግ ብሎ በራ። ቀኑ ግን መሽቷል። ዶክተሩ «ነገ መጨረሻ ነው» ብሎ የአጥንት መቁረጫው መጋዝ እንዲቀቀል አዘዘ። ዶርቃም ሲያዝ ሰምታዋለች።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 20

ዛሬውኑ መጻፍ አለብኝ።

ጠዋት ዶርቃ ክፍሉ ልግባ አለች። ዶክተሩ ጨረሩ ይጎዳል ብሎ ከለከለ። «እንግዲያ በር ላይ እቆማለሁ» አለች። ጨርቁን ሰጠኋት፤ ምልክቱ ምን እንደሆነ ነገርኳት። ነጠላዋን አጠበቀችና ቆመች።

አንጁሎ ጠረጴዛው ላይ። ክንዱ ከፊልሙ ላይ። ማቆሚያውን ራሴ በባዶ እጄ ነክቼ ለሁሉም አሳየሁ። «አሁን!» አልኩ። ዶርቃ ጨርቁን አነሳች። ከግቢው ወዲያ ፓምፑ ጸጥ አለ፤ የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለ፤ የመለኪያው መርፌ ተነስቶ እንዲቆም የምፈልገው ቦታ ላይ ቆመ። ጫንኩ። እንግሊዙ ሰጠ፣ አሜሪካዊቷ ቆጠረች፣ ጣሊያኑ አበዛ፣ ጀርመኑ አበራ። አንድ ትንፋሽ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት ሁሉም፣ ጋሽ በቀለም፣ ዶርቃም፣ አንድ ዕቃ ሆኑ። አልተጠራጠርኩም፤ ከእኛ የሚበልጥ ነገር በክፍሉ ውስጥ ነበር።

ፊልሙን በጨለማው ዕቃ ቤት፣ በቀዩ መብራት፣ አጠብኩት። መጀመሪያ ምንም። ቀጥሎ እንደ ጉም። ከዚያ የሰው አጥንት መጣ። የማውቀው ሰው አጥንት፣ አብሮኝ ሸክም የተሸከመ፣ በሕይወት ያለ። እናቱ እንኳ ያላየችውን አየሁ። መንበርከክ አማረኝ።

ሁለቱም የክንዱ አጥንቶች እያንዳንዳቸው በአንድ ቦታ ብቻ ተሰብረዋል። አልደቀቁም። ከስብራቱ አጠገብ ግን አንድ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ከአጥንቱም ይልቅ የነጣ ነገር አለ። ያበላሸሁት መሰለኝና ፊልሙን ገለባበጥኩት። ለዶክተሩ ወስጄ ሰጠሁት። መስኮቱ ላይ ይዞት ቆየ።

«ሚስማር» አለ።

የሳጥኑ ሚስማር! ሲወድቅበት ተሰብሮ ሥጋው ውስጥ ቀርቶ፣ እብጠቱ ሸፍኖት ነው። ስንት ቀን ሙሉ መግል የሚሠራው እሱ ነበር። ዶክተሩ መጋዙን መልሱ አለ። ክንዱን ከፍቶ ሚስማሩን አወጣ፣ መግሉን አጠበ፣ አጥንቱን አቃና። ለዶርቃ ስነግራት ጨርቁን ገና እንደያዘች ነበር፤ ግንቡን ተደግፋ ተቀመጠች።

እሑድ፣ ሰኔ 21

ትኩሳቱ አልወረደም። ቤተ ክርስቲያን ለአንጁሎ ተጸለየ። ሽማግሌዎቹ ስለ ራጁም አመሰገኑ፤ እኔን ሲያዩኝ አንገቴን ደፋሁ። ሰው ሁሉ የዳነ ይመስለዋል። ማየት ግን ማዳን አይደለም። ዶክተሩ መርዙ ወደ ደሙ ገብቶ ከሆነ አሁንም ክንዱ ይቆረጣል ይላል፤ ከሰዓት በኋላም መልሶ ቁስሉን አየው።

ክፍሉን ቆልፌ ሄድኩ፤ ማሽኑን ማየት አልፈለግሁም። ያን ሁሉ ብርሃን አይቼ አንድ ሰው ካልዳነበት ምን ያደርግልኛል አልኩ። ተቆጥቼ የጸለይኩት ጸሎት ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 23

ትናንት አልጻፍኩም፤ ከአንጁሎ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ዋልኩ፣ አደርኩም። ሊነጋጋ ሲል አላበው። ዛሬ ግንባሩ ቀዝቅዟል። ያበጠው ቆዳ መጨማደድ ጀምሯል።

ዶክተሩ ጣቶቹን እንዲያንቀሳቅስ ጠየቀው። አውራ ጣቱ ተንቀሳቀሰ። ሌባ ጣቱም። የመሃሉ ጥቂት። ሁለቱ ትንንሾቹ ምንም አላሉም። አንጁሎ ጣቶቹን እያየ «መቆፈሪያ ይይዛል?» አለ። ዶክተሩ አልዋሸውም፤ «አላውቅም። ከክረምቱ በኋላ ጠይቀኝ» አለው። የነርቭ ነገር ነው፤ ያን ደግሞ የእኛ ብርሃን አያሳየውም። ወዲያ የቀረ ስንት ጨለማ አለ!

ምሳ ሰዓት ዶርቃ የተቀቀለ ጎደሬ በቅጠል ይዛ መጣች። ከወደቀበት ቀን ጀምሮ የምታጎርሰው እሷ ናት፤ በግራ እጁ አይበላ ነገር። ቁራሽ አንስታ ወደ አፉ ስትዘረጋ ፊቱን መለሰ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ቀኙን ከትራሱ ላይ ቀስ አድርጎ አነሳ፤ ከእጇ ላይ ቁራሹን በሁለት ጣቱ ቆነጠረ። ግማሹ አንሶላው ላይ ወደቀ። የቀረውን ራሱ ጎረሰ።

ዶርቃ ጎደሬውን እንዲቀርበው ወደ ቀኝ እጁ ገፋችለት።